ሠራተኛ ከመቅጠር አስቀድሞ ሥራውን ለይቶ ስለ መወሰን

ሰው ቤት ሊሠራ ባሰበ ጊዜ ስንት ምሰሶ፥ ስንት ማገርና ስንት ወራጅ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ይቆጥራል። እንጨቱን አስቆርጦ ካስመጣ በኋላ «ቤቱ ክብ ይሁን ወይስ አራት ማዕዘን?» ብሎ ማሰብ የሚጀምር አይገኝም። በሠራተኛ ቅጥር ነገር ግን ብዙ ነጋዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አስቀድሞ ሰውን ያመጣል፥ ሥራውን ኋላ ይፈልግለታል። ከዚህ የሚነሣው ጠብም በንግድ ቤቱ ውስጥ አያበቃም፤ ከዘመድ ቤት ገብቶ፥ ከሽማግሌ ፊት ደርሶ፥ አንዳንድ ጊዜም ከፍርድ ቤት ይቆማል። ስለዚህ ነገሩን ለልጆች የሚያስተምሩ መምህራንና የሰውን ጠብ የሚያበርዱ ሽማግሎች መሠረቱን ማወቅ ይገባቸዋል። ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ።

ምሳሌው ከሩቅ አገር አይመጣም። ጨለለቅቱ በጌዴኦ ዞን የኮቸሬ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው አገር ተራራማና ሕዝብ የበዛበት ሲሆን፥ ረጃጅም ዛፎች ከላይ ጥላ ይሰጣሉ፥ ከሥራቸው እንሰቱ ይቆማል፥ ቡናውም በዚሁ ጥላ ውስጥ ያፈራል። ይህ የጌዴኦ ሕዝብ የአስተራረስ ልማድ በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። የኮቸሬ ቡናም ከይርጋ ጨፌ ቡና ወገን ተቆጥሮ ስሙ በውጭ አገር ገበያ ይታወቃል። ለቀሚው የሚበዛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ በዚህ ወራት ሥራ የማይበዛበት ቤት የለም፥ የቅጥሩም ጥድፊያ የሚነሣ ያን ጊዜ ነው።

አሁን አንድ ነጋዴ በዚያ ከተማ አጠገብ አነስተኛ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለው እንበል። አንድ መፈልፈያ መኪና፥ ሁለት ገንዳ፥ ጥቂትም የማድረቂያ አልጋ አለው። እስካሁን እሸቱን የሚመዝነው፥ በደብተር የሚጽፈው፥ ገንዘቡን የሚከፍለውና ገንዳውን የሚጠብቀው እርሱ ራሱ ነበረ። ሚስቱና የጎረቤት ሴቶች በአልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና ይለቅማሉ። ሥራው እየሰፋ በሄደ ጊዜ ግን ብቻውን አልቻለምና «አንድ የሚረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ይህን ቃል አንድ ዘመዱ ሰማና የእኅቱን ልጅ አመጣለት። ልጁ ሃያ ዓመት የሆነው፥ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ፥ ጨዋና ታዛዥ ነበረ። ደመወዙ ተነገረው፥ በማግሥቱም ሥራ ጀመረ። ምን እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገረው፥ እርሱም አልጠየቀ።

እስከ ሁለት ወር ድረስ ሁሉ ነገር መልካም ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ የተፈለፈለ ቡና ከገንዳ ገባ። የይርጋ ጨፌ አገር ቡና እንደ አየሩ ሙቀትና ብርድ ከ36 እስከ 72 ሰዓት በገንዳ ውስጥ ይቈያል፤ በዚህ ጊዜ በፍሬው ላይ ያለው የሚያሙለጨልጭ ልጋግ ይለቃል። መድረሱ የሚታወቀው በእጅ ሲታሽ ነው፤ ማሙለጭለጩ ቀርቶ እንደ ጠጠር ሲንኳኳ ያን ጊዜ ሳይውል ሳያድር መታጠብ አለበት። አየሩ ሞቃት ስለ ነበረ ያ ቡና ሰኞ ጧት ደርሷል። ሰኞ ግን ነጋዴው ስለ ገንዘብ ወደ ዲላ ሄዶ ነበር፥ ልጁም ጆንያ ሊገዛ ወደ ይርጋ ጨፌ ተልኮ ነበር። ማክሰኞ ማታ ገንዳውን የከፈቱት ጊዜ ሽታው ከደጅ ይሰማ ነበር። የአርባ ገበሬ እሸት፥ ዋጋው ሁሉ ተከፍሎ ያለቀ፥ እንዲህ ሆኖ ተበላሸ።

ነጋዴው ተቆጥቶ የልጁን ያልተከፈለ ደመወዝ ያዘበትና ከሥራው አስወጣው። በዚያውም ሰሞን አንዲት ገበሬ ሴት «45 ኪሎ አምጥቼ በደብተሩ አልተጻፈልኝም» ብላ መጣች። ያም በልጁ ላይ ተጨመረ። የልጁ እናትም ለወንድሟ አለቀሰች፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ተኳረፉ፤ ነገሩም በአገሩ ልማድ ሽማግሎች ከሚቀመጡበት ከሶንጎ ደረሰ።

አንድ ሽማግሌ ነጋዴውን «ልጄ፥ ይህን ልጅ ስትቀጥረው ለምን ሥራ ብለህ ቀጠርኸው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም «እንዲረዳኝ ነው፥ አባቴ» አለ። «በምን እንዲረዳህ?» «በሁሉም ነገር ነዋ።» ሽማግሌው ወደ ልጁ ዞረው «አንተስ ምን ልትሠራ ገባህ?» ቢሉት «አባባ፥ ጋሼ ያዘዙኝን ልሠራ ነው፤ ሰኞ ያዘዙኝ ጆንያ እንድገዛ ነው፥ ገንዳውን እይ ያለኝ የለም» ብሎ መለሰ። ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበረና በየትኛው ቃል ይፍረዱ? ቃል ፈረሰ ለማለት አስቀድሞ ቃል ሊኖር ይገባል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል፤ የጠቡ ሥር ያለው በዚህ ነውና። «ሁሉን ይሠራል» ተብሎ የተቀጠረ ሰው ሲያዩት ብዙ ሥራ የተሰጠው ይመስላል፤ በእውነቱ ግን አንድም ሥራ አልተሰጠውም። ገንዳው የእርሱ ነው ያለው የለምና ገንዳውን ትቶ ቢሄድ የራሱን ሥራ የተወ አይመስለውም። ጌታውም በበኩሉ ልጁ ስላለ ገንዳው ጠባቂ ያለው መስሎት ወደ ዲላ ይሄዳል። ነጋዴው ብቻውን በነበረ ጊዜ እንኳ ገንዳውን አይረሳም ነበር። ሁለት ሰዎች ሆነው ገንዳው ያለ ጠባቂ የቀረው ስለ ስንፍና አይደለም፤ እያንዳንዱ በሌላው ስለ ታመነ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ሰው ከመፈለጉ በፊት ምን ማድረግ ነበረበት? አንድ ሳምንት ሙሉ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ፥ ከንጋት እስከ መኝታው ድረስ፥ በሰዓቱ በወረቀት መጻፍ ነበረበት። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፥ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሰው የለመደውን ሥራ እንደ መተንፈስ ስለሚቈጥረው ሥራ መሆኑን ይረሳል። የሚዛኑን ድንጋይ ማስተካከል፥ ተንሳፋፊውን ፍሬ ከውሃው ላይ መግፈፍ፥ ማታ ጤዛ እንዳይወርድበት በቀትርም ፀሐይ እንዳያሰነጥቀው በአልጋ ላይ ያለውን ቡና መሸፈን፥ እነዚህ ሁሉ ካልተጻፉ በቀር ከሥራ ቍጥር አይገቡም።

ከተጻፈ በኋላ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። በአንድ ማታ አርባ ገበሬ እያንዳንዱ 45 ኪሎ ቢያመጣ 1,800 ኪሎ እሸት ይሆናል። ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ያህል የተበጠረ ቡና ስለሚወጣው፥ ይህ ሁሉ ድካም ለ300 ኪሎ ያህል ነው። አንዱን ገበሬ ለመመዘን 3 ደቂቃ፥ ጽፎ ለመክፈል ደግሞ 2 ደቂቃ ቢፈጅ፥ አንድ ሰው ሁለቱን ሲሠራ ለአርባው 200 ደቂቃ፥ ማለት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ገበሬዎቹ በ10 ሰዓት መምጣት ቢጀምሩ የመጨረሻው የሚሄደው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 ነው። በዚያ ሰዓት ጨልሟል፥ የደብተሩ ቍጥርም በፋኖስ ይጻፋል፤ ያልተጻፈላት ሴት የመጣችው ምናልባት ያን ጊዜ ይሆናል። አንዱ ቢመዝን ሌላውም ቢጽፍና ቢከፍል ግን አርባው ሰው በሁለት ሰዓት ይሸኛል፤ ገና ዓይን ለዓይን በሚያስተያይ ብርሃን ሥራው ያልቃል፥ መኪናውም በጊዜ መፈልፈል ይጀምራል። መምህራን ይህን ሒሳብ ለተማሪዎች ቢሰጡ፥ የገበሬውን ቍጥር ወደ ስድሳ ከፍ አድርገው ማስላትም ይችላሉ።

ከዚህ ሒሳብ ነጋዴው ያላሰበውን ነገር ያገኛል። የጐደለው «የሚረዳ ሰው» አልነበረም። የጐደለው በለቀሚው ወራት ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሚዛን የሚይዝ አንድ ሰው፥ ደግሞም ቀንና ሌሊት ገንዳውን የሚያይ አንድ ሰው ነው። እነዚህ ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ ምናልባት አንድ ሰው ሁለቱን ይችላቸው ይሆናል፥ ምናልባትም አይችልም። የሚዛኑ ሥራ ከጥር በኋላ ስለሚያልቅ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት አይደለም። ሳይለይ የቀጠረ ሰው ግን በየካቲት ለሠራተኛው ሥራ ሲፈልግለት ይገኛል፤ ሥራ ስላጣም «ሰነፍ ነው» ይለዋል።

ሌላም የሚለይ ነገር አለ፤ እርሱም ነጋዴው በእጁ የሚያስቀረው ሥራ ነው። የመዘነ እጅና የከፈለ እጅ አንድ ባይሆን መልካም ነው። ይህ ሰውን ከመጠርጠር የሚመጣ ሳይሆን ሰውን ከጥርጣሬ የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። የሚመዝነው በአንድ ወረቀት፥ የሚከፍለው በሌላ ደብተር ሲጽፍና ማታ ሁለቱ ሲነጻጸሩ፥ ያልተጻፈላት ሴት ነገር በዚያው ሌሊት በተገኘ ነበር። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ረገድ ከግል ነጋዴ ይሻላሉ። የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ እንዲህ ባሉ ማኅበራት ሕጉ ሥራውን የሚመራውን ኮሚቴና የሚቈጣጠረውን ኮሚቴ ለይቶ ያቆማል። ትንሽ ነጋዴ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልገውም፤ ገንዘብ ከረጢቱን በራሱ ወይም በሚስቱ እጅ አስቀርቶ ሚዛኑን ለሌላ ቢሰጥ ይበቃዋል።

ሥራን በስሙ ለይቶ መስጠት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ መንግሥት በጅሮንድ ግምጃ ቤቱን፥ አጋፋሪ ደጁን፥ ጠጅ አሳላፊ ማዕዱን ይይዝ ነበር። በማኅሌትም መሪጌታው፥ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው ሥፍራቸው የታወቀ ስለ ሆነ ማን ይምራ ማን ይቀበል ብሎ የሚጣላ የለም። ነገር ግን ስም ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፥ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት፥ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስም የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የእያንዳንዱ ሚኒስትር ሥልጣንና ተግባር በነጋሪት ጋዜጣ በትእዛዝ ቍጥር 1 ተለይቶ የታወጀው ግን በ1935 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 35 ዓመት አለ። መንግሥት እንኳ ስም ሰጥቶ ተግባሩን በዝርዝር ለማስቀመጥ ይህን ያህል ጊዜ ከፈጀበት፥ የጨለለቅቱው ነጋዴ ቢስት አያስደንቅም፤ እርሱ ግን በአንድ ማታ ሊያቃናው ይችላል።

አሁን ደግሞ ሕጉ የሚለውን መመልከት ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሥራውን ዓይነትና ቦታ፥ የደመወዙን ልክና አከፋፈሉን፥ ውሉም የሚጸናበትን ጊዜ እንዲገልጽ ያዝዛል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ይህንኑ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ እንዲኖር ከተፈለገ ይህም በጽሑፍ መሆን አለበት፥ ከ60 የሥራ ቀንም አያልፍም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፥ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የገንዳው ጠባቂ ከዚህ አልፎ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በትርፍ ሰዓት ቢሠራ፥ ለእያንዳንዱ ሰዓት ከመደበኛው ክፍያ አንድ እጥፍ ከሦስት ሩብ ይገባዋል፤ ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ነጋዴ ሒሳቡ በኋላ ይከብደዋል። የልጁን ደመወዝ መያዙም ስሕተት ነበር፤ በሕግ፥ በኅብረት ስምምነት፥ በሥራ ደንብ፥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማበት ውጭ ከደመወዝ መቀነስ አልተፈቀደም፤ ሲፈቀድም ከወር ደመወዙ ከሲሶ አያልፍም። ሽማግሎች ይህን ቢያውቁ እርቁ ከሕግ ጋራ አይጋጭባቸውም።

መምህራንን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ሥራው ተለይቶ ካልተወሰነ በለቀሚው ወራት ቶሎ የሚጠራው የቅርቡና የርካሹ እጅ ነው፤ እርሱም ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ነው። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ሌሊት አያሠራም። «አንድ የሚረዳን» የሚለው ቃል ልጁን ይጠራዋል። «ሌሊት ገንዳ የሚጠብቅና ቡናው መድረሱን በእጁ የሚያውቅ» የሚለው ቃል ግን ለልጅ እንደማይሆን ራሱ ይመሰክራል።

ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈለግ የሚጻፈውም ከሥራው ተነሥቶ እንጂ ከሰው ተነሥቶ መሆን የለበትም። አንዳንዱ ነጋዴ ለሚዛን ያዥ የትምህርት ወረቀት ቁልል ይጠይቃል፤ ሥራው የሚጠይቀው ቍጥር ማንበብ፥ ጌዴኡፋና አማርኛ መናገር፥ ከሁሉም በላይ ገበሬው እያየው መመዘን ነው። ሌላው ደግሞ የእኅቱን ልጅ በልቡ ይዞ ሥራውን በልጁ ልክ ይሰፋለታል። ዘመድ መቅጠር ነውር አይደለም፤ በትንሽ ከተማ ዘመድ ያልሆነ ሰው ማግኘትም ይቸግራል። ነገር ግን «ዘመዴ ስለ ሆነ ወረቀት አያሻም» የሚሉት ተገላቢጦሽ ነው። ከባዕድ ጋራ ቢጣሉ የሚጠፋው ገንዘብ ነው፥ ከዘመድ ጋራ ቢጣሉ ግን ለቅሶና ሠርግም ይጠፋል።

ሽማግሎቹ በመጨረሻ የፈረዱት እንዲህ ነው እንበል። የልጁ ደመወዝ እንዲከፈለው፥ የሴቲቱም 45 ኪሎ በምስክር ተጣርቶ እንዲታሰብላት፥ ነጋዴውም ልጁን ሊመልስ ከፈለገ ሥራውን ጽፎ በፊታቸው እንዲያነብ። ነጋዴውም በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ጽፎ መጣ። በወረቀቱ ላይ ሥራው «ሚዛን ያዥና የገንዳ ጠባቂ» ተብሏል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ይጸናል፤ ልጁ ይመዝናል እንጂ አይከፍልም፤ ገንዳውን በየስንት ሰዓቱ እንደሚያይ፥ ቡናው በደረሰ ጊዜ ለማን እንደሚናገር፥ ነጋዴው በሌለበት ቀን ማን እንደሚያዝዘው፥ የዕረፍት ቀኑና ደመወዙ ተጽፏል። ገንዳው ሳይታጠብ ልጁ ወደ ሌላ ሥራ እንዳይላክም ነጋዴው በራሱ ላይ ጽፏል። ወረቀቱ አስቀድሞ በአማርኛ፥ ቀጥሎም እናቱ እንድትሰማ በጌዴኡፋ ተነበበ።

ሽማግሌው «ይበቃሃል?» ብለው ልጁን ጠየቁት። ልጁም ጥቂት ዝም አለና «አባባ፥ ማታ እየመዘንሁ ሳለ ዝናብ ቢመጣ አልጋውን የሚሸፍነው ማን ነው?» አለ። ነጋዴው ወረቀቱን ገልብጦ አየ፥ አልተጻፈም ነበር። ብዕር ከጎረቤት ተውሰው ያንን መስመር ከግርጌው ጨመሩበት።